ከወረቀቱ በላይ

በሃርላን ጋራዥ ቅዳሜ ጠዋት የድሮ መኪኖቻችንን ከጎማው ሥር በሚሽከረከረው መለኪያ ሮለር ላይ አውጥተን የፈረስ ጉልበታቸውን ስናስለካ፣ አስቀድሞ ግምትን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ልማድ ነው። ስሟን የማላውቃት ያቺ ሴት ግን "የፋብሪካው ወረቀት ሁለት መቶ ዘጠና ይላል፤ ይበቃል" ብላ ጠመኔውን መለሰች።

ዕድሜዋ እንደኔው የገፋ ነው። እጅጌው ሁለት ጊዜ የታጠፈ የወንድ ጃኬት ለብሳለች። የኋላ ጎማዎቹን የልጅ አፍንጫ እንደሚጠርግ ሰው በመሐረብ ጠራረገች፤ ከዚያ መሪውን ለማንም ሳትሰጥ ራሷ ገባች።

"እማማ፣ ፈረሶቹ እንዳይፈረጥጡብዎት!" አላት አንዱ።

"ከፈረጠጡ የሚረግጡት አንተን ነው፣ ዞር በል!"

የኔ ተራ ቀደም ብሎ አልፏል። ባሌ ደልማር አርባ ዓመት ሙሉ "ሦስት መቶ ሰባ አምስት ፈረስ!" እያለ ሰፈሩን ያደነቆረበት መኪና ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ብቻ ነው ያወጣው።

የሷ መኪና ሲያጓራ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት! ሃርላን ኮፍያውን አወለቀላት። እሷ ግን አልደነቃትም።

"ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ነበር፤ ያለውን ሁሉ አይናገርም" አለችና የጃኬቱን አንገትጌ ዳበስ አደረገችው።

ቀናሁባት። የተመኘሁት መኪናዋን አልነበረም።

ቤት ስደርስ ደልማር ከዘራውን ተደግፎ በር ላይ ይጠብቀኛል።

"ስንት አለ?"

"አንተ ያልከውን" አልኩት።

ያቺ ሴት ይህን ውሸት አንድም ቀን መዋሸት አላስፈለጋት ይሆናል።