ባዶው መደብ

ዓርብ ገበያ ላይ ወታደሮች የያዙኝ ገብሴን ከአህያ እያራገፍሁ ሳለ ነው። የመሬት ለኪዎችን በመቃወም ለደብራችን ሰዎች አቤቱታ የጻፍሁ እኔ ነበርሁ። ከገበሬው መጻፍ የሚችል ሌላ ስላልነበረ ጸሐፊውን ለማግኘት አልደከሙም። በሰደፍ አፌን መቱኝ። ጥርሴን ገብሱ ላይ ተፍቼ ተነዳሁ።

የዘጉብን ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለው፤ ግድግዳው በጭቃና በእበት የተለሰነ ነው። ከእኔ በፊት ከድጓው አገር ከቤተ ልሔም የመጡ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩበት። ለሸፈቱ ሰዎች ስንቅ አቀብለዋል ተብለው ነው። የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ስለሰበሩባቸው ሲያማትቡ ክንዳቸውን በግራው ይደግፉት ነበር።

እኔ በቤቴ ልማድ አለኝ። ጓሮዬን በየመደቡ ከፍዬ የትኛው ላይ ምን እንደተተከለ ግድግዳ ላይ በከሰል እሥላለሁ። ነጭ ሽንኩርት አምና ወደነበረበት ዘንድሮ ከተመለሰ ይበሰብሳልና። በእስር ቤቱም ከምድጃ በለቀምሁት ከሰል አራት መደብ ሣልሁ። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ስታመጣ የተከለችውን ትነግረኛለች፤ እኔም እሞላለሁ። ጎመን፣ ድንች፣ ፌጦ። አራተኛውን ገና ስላልነገረችኝ ባዶ ተውሁት። ያልሰማሁትን አልጽፍም።

አንድ ዓርብ ጠዋት የሚጠብቀን አስር አለቃ ሥዕሉን አየው። ሽፍቶቹ የሚያድሩባቸው ቤቶች ናቸው አለ። ጓሮዬ ነው አልሁት።

«ይሄ ባዶውስ?»

«ምን እንደተተከለበት አላወቅሁም።»

«እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ሰኔ ገብቶ፣ አመድና ፍግ የጠገበ ጓሮ ባዶ ሲያድር የት አይተሃል?»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ማሳ ያርፋል እንጂ ጓሮ አያርፍም። ይህን የማያውቅ የከተማ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይተወኝ ነበር። እግሬን ከዱላ ጋር አስሮ ወደ ላይ ሰቀለና ውስጥ እግሬን ገረፈው። ቆዳው ሲላቀቅ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። የባዶውን ቤት ባለቤት ስም አምጣ ይለኛል፤ የምሰጠው ስም አልነበረኝም። ሲደክመው፣ ነገ ሚስትህን እጠይቃታለሁ፣ ቃላችሁ ካልገጠመ እሷም እዚሁ ትተኛለች ብሎ ወጣ።

«ልጄ፣ ባቄላ ብለህ ሙላው» አሉኝ መሪጌታ። «እግዚአብሔር ለባቄላ አይቀየምም።»

«እሷ ሌላ ብትልስ?»

ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው አማተቡ።

ቅዳሜ አስር አለቃው በሩን ከፍቶ እኔን ግድግዳው ሥር አስቀመጠኝ፤ እሷን ደጃፉ ላይ አቆማት። ከቤቱ በኩል ጀምራ እንድትቆጥር አዘዛት። ሦስቱ ገጠሙ። አራተኛው ላይ ስትደርስ የእግሬን ደም አየችና ዝም አለች። የምትናገረው እኔን የሚጎዳ መስሏት ነው። በጅራፉ እጀታ ቅንድቧን ሰነጠቀው። ቂጣው ከእጇ ወደቀ።

«ነጭ ሽንኩርት» አለች።

አፌን ልይዘው አልቻልሁም። «ከአጥሩ ሥር? አምና እሱው ከነበረበት?»

«ሌላው ውኃ ተኛበታ።»

«ይበሰብሳል አላልሁሽም?»

ደሙን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ታዲያ እርስዎ መጥተው አይተክሉትም?» አለችኝ።

አስር አለቃው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ እሱም በቤቱ ሰምቶ ያውቅ ይሆናል። ጅራፉን ጠቀለለ። ወዲያው ግን ጎኔን በጫማው ረገጠኝና «አጥፋው» አለኝ ወደ ግድግዳው እያመለከተ።

በጉልበቴ ዳኽሁ። ከሰሉን አንሥቼ በአራተኛው መደብ ላይ ነጭ ሽንኩርት ጻፍሁ። ጅራፉ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ቃሉን ጨረስሁት። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በእጅጌዬ ጠረግሁት።

እኔን ከመስቀል በዓል በኋላ ለቀቁኝ። መሪጌታን ግን ከዚያ በፊት አንድ ቀን ጠርተው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። ቤተ ልሔም ሄጄ መቃብራቸውን ብጠይቅ የሚያሳየኝ አጣሁ።

ሽንኩርቱ በስብሶ ነበር። ባለቤቴ ግን ግማሹ ድኗል ትላለች፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ልጆቼ አሁን የጓሮውን ሥዕል በወረቀት ይሠራሉ። ሳያዩ የሞሉት መደብ ካገኘሁ አስፍቃቸዋለሁ፤ ባዶ መተው ነውር አይደለም እላቸዋለሁ። ልበ ደረቅ ይሉኛል። ከአጥሩ ሥር ያለውን መደብ ግን እነሱም እኔም አንሞላውም። ክረምት ሲገባ፣ እናታቸው ጠባሳው ያለበትን ቅንድቧን ከፍ አድርጋ የተከለችውን እስክትነግረን እንጠብቃለን።