ግድግዳው ወይስ ወልድያ?

እትዬ ወለተ ሐና ቤት ሲያሠሩ ያልተጣሉት ሰው ቢኖር ቦታውን የለካላቸው ባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱም ተመልሶ ስላልመጣ ነው። ከድንጋይ ጫኞቹ ጋር ቀለሙ ፈዘዘ ብለው ተጣሉ። ከግንበኛው ጋር ማዕዘኑ ተንጋደደ ብለው ተጣሉ። ግንበኛው ውሃ ልኩን አምጥቶ ቢያሳያቸው፣ «የተንጋደደው ውሃ ልኩ ነው» አሉት። ዕድሜያቸውን የገፉት ከብልባላ ማር እያመጡ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ በመሸጥ ነው። ማር ሻጭ ደግሞ «ስኳር አለበት» ከሚል ገዢ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው ስለሆነ ክርክር አይነጥፍባቸውም።

ቤቱ ሲያልቅ ግን ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየው። ፎቅ ያለው፣ በቀይ የላስታ ድንጋይ የተገነባ፣ ግድግዳው ከክንድ በላይ የወፈረ ቤት ነው። ከውስጥ እንኳ እንዲለሰን አልፈቀዱም። «ይህን ድንጋይ መለሰን ሙሽራን ጥላሸት መቀባት ነው» አሉ። ጠዋት ጠዋት ወጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ገበሬ በሬውን እንደሚያደርገው።

ችግሩ ልጃቸው ንጋት ነበረች። ንጋት ወልድያ አግብታ የልብስ ሱቅ ከፍታ ትኖራለች። ባለፈው ክረምት እናቷ በአሮጌው ቤት፣ በጨለማ ማብሪያውን ሲዳብሱ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ አዳናቸው፤ ንጋት ግን ከዚያ ወዲህ ልቧ አላረፈም።

«እማዬ፣ ያውም ደረጃ ያለው ቤት፣ ያውም ለብቻሽ! ወልድያ ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ» አለቻቸው በስልክ።

«ወልድያ ምን ልሠራ? በዚያ ሙቀት ላቤን ልጠርግ?»

«እንዲህ እየቀለድሽ ትወድቂያለሽ።»

«ስወድቅ እንኳ አልቀለድኩም።»

በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። ንጋት ለቤቱ ምርቃት ትመጣለች። መብራቱ እናቷ ሳይዳብሱ የሚበራ፣ የግቢው በር ደረጃ ሳይወርዱ የሚከፈት ከሆነ እትዬ ወለተ ሐና በቤታቸው ይኖራሉ። ካልሆነ ቤቱ ይከራያል፣ እሳቸውም ወልድያ ይወርዳሉ። በስተርጅና ማኅበራቸውንና ጎረቤታቸውን ትተው በሰው ቤት እንግዳ መሆንን ከሞት ይበልጥ ይፈሩታል።

ምክር የሚሰጡ ሁለት ሰዎች ተገኙ። አንደኛው የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ደባሱ ነው፤ ለአምፖሎቹ ሽቦውን በጣሪያው እንጨት አሳልፎ ጨርሷል። ሌላው ስልክ ጠጋኙ የእህታቸው ልጅ ዘመኑ ነው፤ እሱ ገመድ አልባ ይሻላል ባይ ነው። በሩ ላይ ቆመው ተያያዙ።

«ሽቦ የሚጨበጥ ነገር ነው፣ እትዬ» አለ ደባሱ። «ከዚህ ይነሣል፣ እዚያ ይደርሳል። ቢበላሽ ተከትዬው እሄዳለሁ። አየር ቢበላሽ ማንን ልከተል?»

«ሬዲዮ የምትሰማው ከአዲስ አበባ ሽቦ ተዘርግቶልህ ነው?» አለው ዘመኑ።

«ሬዲዮ ቢቋረጥ እትዬ ከደረጃ አይወድቁም!»

«እሺ» አሉ እትዬ ወለተ ሐና ወደ ደባሱ ዞረው፤ «ሽቦህ ከጣሪያው ወደ ማብሪያው በምን ይወርዳል?»

ደባሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግድግዳውን ጥቂት በመሮ ቦርቡሬ ቱቦ እቀብራለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ጣት የምታህል ናት።»

«የማንን ጣት?»

«እትዬ፣ ላሊበላ ተቀምጠው ድንጋይ አይቦርቦር ይላሉ?»

«ለእነዚያ መላእክት አግዘዋል። አንተን ማን ሊያግዝህ ነው?»

ሥራው ለዘመኑ ሆነ።

ዘመኑ በግማሽ ቀን ጨረሰ። ማብሪያዎቹን አንድ ድንጋይ ሳይቦረቡር ለጠፋቸው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያዩ ትናንሽ ዓይኖችም በየጥጉ አደረገ። በመጨረሻ ከቡጢ የማትበልጥ ነጭ ዕቃ አወጣና ከደረጃው መሃል ሰቀላት።

«የቤቱ አንጎል ይቺ ናት፣ አክስቴ። ሁሉም የሚታዘዘው ለእሷ ነው። ግድግዳሽ ወፍራም ስለሆነ ሞገዷ ሰንጥቆ አያልፍም፤ እዚህ ግን ከላይም ከታችም ትደርሳለች። ከዚህ እንዳትነሣ። የራሷ ባትሪ ስላላት መብራት ቢጠፋም አትተኛም።»

«መብራት ሲጠፋ አምፖሉን ታበራዋለች?»

«አይ፣ እሱን እንኳ አታበራውም።»

«ታዲያ ነቅታ ምን ትሠራለች?»

«ትጠብቃለች።»

ቤቱ እውነትም ታዛዥ ሆነ። ደረጃውን ሲረግጡ ይበራል፤ ጎረቤት ሲያንኳኳ አልጋቸው ላይ ሆነው አንድ ነገር ይጫኑና በሩ ይከፈታል። የከፋው ማለዳ ላይ ነበር። እትዬ ወለተ ሐና የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመው ውዳሴ ማርያም ሲያደርሱ መብራቱ ድርግም አለ። ዘመኑን ጠሩት።

«ዓይኗ የሚያውቀው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው» አላቸው። «ዝም ብለሽ ስትቆሚ የለሽም ብላ ታጠፋዋለች።»

«ለጸሎት የቆመ ሰው የለም ይባላል? ይቺ ዕቃ ማን ቤት ነው ያደገችው?»

ዘመኑ የመቆያ ጊዜዋን ላራዝመው ብሎ ቢነካካም አልሆነለትም። ስለዚህ እትዬ ወለተ ሐና መላ ዘየዱ። በየመሃሉ አንድ እጃቸውን ወደ ጥጉ እያነሡ «አለሁ!» ይሉና ጸሎታቸውን ይቀጥላሉ።

ንጋት የመጣችው በምርቃቱ ዋዜማ ነው። በነጋታው ማለዳ ወደ እናቷ ክፍል ስትገባ፣ እናቷ ወደ ባዶ ጥግ እጃቸውን እያወዛወዙ «አለሁ! አለሁ!» ሲሉ ደረሰች።

«እማዬ፣ ከማን ጋር ነው?»

«ከመብራቱ ጋር።»

ንጋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔኮ ወልድያ ይበቃሻል ብዬ ነበር፤ ጠበልም ያስፈልግሻል።»

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ማኅበርተኞች፣ ጎረቤት፣ ግንበኛው ሳይቀር መጣ። አባ ገብረ ዮሐንስ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩ። ማዕድ ቀረበ። ሲጨላልም ንጋት ተነሣች።

«በይ እማዬ፣ እስቲ ቤትሽን አሳዪኝ።»

እትዬ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁሉም እያያቸው፣ ደረጃውን ረገጡ። ምንም የለም። ደግመው ረገጡ። ጨለማው እንዳለ ነው። እጃቸውን አነሡ፦ «አለሁ!»

ምንም የለም።

«ምናልባት ብዙ ሰው ሲሆን ግራ ይገባው ይሆናል» አለ አንድ ማኅበርተኛ፤ እሱም እጁን አነሣ። «አለን!» ከዚያ ሌላው ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ ማኅበርተኛው ሁሉ በጨለማ እጁን እያወዛወዘ «አለን! አለን!» ይል ጀመር። አባ ገብረ ዮሐንስም መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። አንዱ የሌላውን ሳህን ረገጠ።

«ሬዲዮው ተቋረጠ» አለ ደባሱ ከጥግ።

ዘመኑ የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ ደረጃው ሮጠ። «አክስቴ! አንጎሏ የት ሄደች?»

«አስቀምጫታለሁ።»

«የት?»

«ደህና ቦታ ነዋ!»

እኛ ዘንድ እንግዳ ሊመጣ ሲል ውድ ዕቃ ሁሉ ሳጥን ይገባል። እንግዳውን ሌባ ነው ብሎ አይደለም፤ የከበረ ነገር ሜዳ ላይ ስለማይተው ነው። እትዬ ወለተ ሐናም የቤቱን አንጎል በአዲስ ነጠላ ጠቅልለው፣ ከብር መስቀላቸው አጠገብ በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፈውባታል። ቁልፉ መቀነታቸው ላይ ነው።

«ቆርቆሮ ውስጥ!» አለ ዘመኑ ራሱን ይዞ። «ከቆርቆሮ ምን ሞገድ ይወጣል?»

ሳጥኑ ደረጃው ሥር መጥቶ ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ የደረጃው፣ የሳሎኑ፣ የላይኛው ክፍል መብራት ሁሉ ቦግ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ «እስቲ ደግመህ ዝጋው» ብለው ለመኑ፤ ዘመኑም ዘግቶ ከፈተላቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ያልሳቀችው ንጋት ብቻ ናት። «እማዬ፣ ወደዚህ ቤት እንግዳ ሁልጊዜ ይመጣል?»

«የሰው ቤት አይደል? ይመጣል እንጂ።»

«በመጣ ቁጥር ልትቆልፊባት ነው?»

እትዬ ወለተ ሐና አባ ገብረ ዮሐንስን አዩ። በሳቸው ፊት መዋሸት አልሆነላቸውም። «ውድ ነገር ሜዳ ላይ ልተው ብል እጄ እሺ አይለኝም።»

«እንግዲያስ ዕቃሽን እናሰናዳ። ነገ አብረን እንወርዳለን።»

እትዬ ወለተ ሐና ወደ ግድግዳው ተጠጉና መዳፋቸውን አሳረፉበት። ብዙ ቆዩ። መብራቱ ሊጠፋባቸው ምንም አልቀረውም ነበር።

«ደባሱ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«መሮህን ይዘሃል?»

«ለምርቃት መሮ ይዞ የሚመጣ ማን አለ?»

«ሂድና አምጣ። የደረጃውና የመኝታ ቤቱ በሽቦ ይሁን፤ ማብሪያቸው ከራስጌዬ፣ ሳልዳብስ እጄ የሚያርፍበት ይሁን። የግቢው በር ለዘመኑ ይቅርለት፣ እንዳያለቅስ፤ እንግዳ ባለ ጊዜ በሩን የሚከፍት ሰው አይጠፋም። ወልድያ ከምወርድ ግድግዳዬ ይቁሰል።»

ግንበኛው «ኧረ በእግዚአብሔር!» ብሎ ወጣ። ንጋትም፣ «እሺ፤ ማብሪያውን ራሴ ተጭኜ ሳላይ ግን አልሄድም» አለች።

ደባሱ በማግሥቱ ጀመረ። እትዬ ወለተ ሐና በመሮው ድምፅ ሁሉ ዓይናቸውን እየጨፈኑ፣ ግን ፈቀቅ ሳይሉ፣ መስመሩን በጣታቸው እየመሩ ዋሉ። ሥራው ሲያልቅ ንጋት የደረጃውንም የመኝታ ቤቱንም ማብሪያ አጠፋች፣ አበራች፣ ደግማ አጠፋች። ከዚያ እናቷን ስማ ብቻዋን ወደ መናኸሪያ ወረደች።

ደባሱ ከግድግዳው የረገፈውን ቀይ ዱቄት ጠርጎ ሊደፋው ሲወጣ እትዬ ወለተ ሐና ከደረጃው ላይ ጮኹበት።

«ወዴት ይዘኸው ልትሄድ ነው?»

«ልደፋው ነዋ፣ እትዬ። አቧራ ነው።»

«አቧራ የሚኖረው አንተ ቤት ነው» አሉና ባዶ የማር ገንቦ አቀበሉት። «ይሄ ግድግዳዬ ነው። ሳታፈስ ጨምረው።»