ጄቤዝ "ተገቢ ነው" ያለው ዋላ

የጄቤዝ ተድቦል ዐይን ጠፍቷል ተብሎ ያልተወራበት ቤት በእንግሊዝ የአደን አገር በኤክስሙር የለም። የአራት ዓመቱን ዋላ ያስገደለው፣ ሚስቱን እንኳ ከበግ መለየት ስላቃተው ነው አሉ። ውሸት ነው። በዚያ የነሐሴ ጠዋት ከእሱ የተሻለ ያየ ሰው አልነበረም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራው ይኸው ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ የዋላ ዱካ በጣቱ ለክቶ ዕድሜውን ለአዳኞች ይናገራል። አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ዋላ "ተገቢ" ይባላል፤ ቢገድሉት አያስወቅስም። ሌላው የእንግሊዝ ሰው ቃሏን የሚያወጣት ሲቆጣ ወይም ገንዘብ ሲያባክን ነው፣ "ምክንያት አለኝ" ለማለት። ኤክስሙር ላይ ግን ጄቤዝ ካልተናገራት የአደን ውሻ አይፈታም።

የዚያን ዕለት ዱካው ጭቃው ላይ ሦስት ጣት ሞላ፤ የአምስት ዓመት ዋላ ልክ ነው። ጭቃ ግን ያሰፋል። ተከትሎት ሄዶ ደረቁ መንገድ ላይ ሲለካው ሁለት ጣት ተኩል ሆነ። ጣቱን ጠርጎ ወደ አዳኞቹ ወረደ።

መንታ መንገዱ ላይ ስልሳ ፈረሰኛ ይጠብቃል። የአደኑ አለቃ ሻለቃ ላቨሪንግ ከለንደን እንግዶች ጠርቷል።

"ጄቤዝ፣ ያገኘኸው ዋላ ነው ወይስ የቄሱ ፍየል?" አለ አንዱ።

"ፍየሏማ ብትሆን ያንተን ፈረስ ትቀድመው ነበር!" አለ ጄቤዝ።

ሳቁ። ሻለቃው አልሳቀም። ፈረሱን አስጠግቶ ጎንበስ አለና የጄቤዝን ፊት አየ።

"ሁለት ሳምንት ባዶ እጃችንን ገባን። ቤትህን የሚመኝ ብዙ ነው፣ ታውቃለህ አይደል? በል፣ ተገቢ ነው?"

ቤቱ የሥራው ነው፤ ሥራው ከሄደ ይሄዳል። ውስጡ ሚስቱ ቲርዛ ከፋሲካ ጀምሮ ታማ ተኝታለች።

"ተገቢ ነው ጌታዬ" አለ ጄቤዝ፣ ዐይኑን ከፈረሱ ኮቴ ሳያነሳ።

ከሰዓት በኋላ ዋላው ወንዝ ውስጥ ተይዞ ተገደለ። ቀንዱ ሲታይ ጉዱ ፈላ፤ ያልደረሰ ነው። እንግዶቹ ተያዩ። ሻለቃው ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ምን ታደርገዋለህ፣ ሽማግሌው ዐይኑ ደክሟል። ለመስከረም መጨረሻ ቤቱን ለሌላ ይለቃል" አላቸው።

ጄቤዝ ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እንዲህ አለ፦

"ዐይኔ ደህና ነው ጌታዬ። እንዳልደረሰ ጠዋት አይቻለሁ። እርስዎም ጎንበስ ብለው ፊቴን ሲያዩት እንዳየሁ አውቀዋል። ታዲያ ዐይኑ የደከመው የማንኛችን ነው?"