የወፍ ቆሎ

ፖሊሶች ልጄን ፈልገው ሲያጡት እኔን ከሐይቅ ገበያ ያዙኝ። በስልኩ የጻፈው ነገር አለ አሉኝ፤ እኔ ፊደሉን እንኳ አጥርቼ አላነብም። መርማሪው "የት እንዳለ ትናገሪያለሽ" ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታው፣ በተቀመጥኩበት ቀሚሴ ረጠበ። ሴት ልጅ የዳርኩ ሰው ነኝ። አየኝ መሰለኝ፣ ፊቱን አዙሮ ከሰዓት በኋላ መልሳችሁ አምጧት አለ።

ያስገቡኝ ክፍል ትንሽ መስኮት ነበረችው። ውስጥ ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት ወጣት ብቻ ነበረች። የቀትር ሶላት፣ ዙሁር ሲደርስ ልትሰግድ ተነሳች። እኔ ሽንት በነካው ልብስ እንዴት ብዬ? "ሐይድ ላይ ነኝ፣ አልሰግድም" አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ የወር አበባ! ሽታው ግን እውነቱን ይናገር ነበር።

ሰግዳ ስትጨርስ በመስኮቱ የግቢውን አጥር አሳየችኝ። ቢጫና ቀይ አበባ ያላት ቁጥቋጦ ላይ ወፎች ጥቁር ጥቁሩን ፍሬ ይለቅማሉ።

"ይችን ምን ነበር የምንላት፣ እናቴ? ሰው አገር ስኖር ስሟ ጠፋብኝ።"

"የወፍ ቆሎ" አልኳት።

ለምን እንዲያ እንደተባለች ጠየቀችኝ። አባቴ ያለኝን ነገርኳት። ድሮ አምባሰል ውስጥ አትታወቅም፤ ለግቢ ማሳመሪያ ብለው ከሩቅ ያመጧት ናት። ወፎቹ ፍሬዋን እንደ ቆሎ ሲቃሙ ያዩ ገበሬዎች ስም አወጡላት። የሚዘራት የለም፤ ወፍ በልታ ኩሷን በጣለችበት ትበቅላለች።

ልጅቱ ሳቅ አለች። "እንግዲያ ከኩስ ወጥታ ነዋ እንዲህ ያማረባት። እርስዎን ምን ያሳፍረዎታል?"

አንገቴን ደፋሁ። ለመጠጥ የሰጧትን ውሃ ከፊቴ አስቀመጠች። ከአባያዋ ሥር የታጠቀችውን ሽርጥ ፈትታ ሰጠችኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች። ታጠብኩ። በተረፈው ውዱእ አድርጌ ዙሁሬን ሰገድኩ። ያን ቀን ልጅቱ ምን እንደጠጣች አላውቅም።

ሲጠሩኝ በሽርጧ ሄድኩ። መርማሪው ያንኑ ጠየቀኝ።

"እናቱ ነኝ፤ አልናገርም" አልኩ።

አሁን እኔም ተፈትቼ፣ ልጄም ቤቱ ገብቷል። ያን ቀን ምን እንደሆንኩ አልነገርኩትም፤ እንዴት ይነገራል? በቀደም ግጦሹን ፈጀችው ብሎ የወፍ ቆሎውን ከአጥራችን ሊነቅል ዶማ አነሳ። አንዷን ተዋት አልኩት።

"ለምን፣ እማ?" አለኝ።

እጄ ሳላስበው ቀሚሴን ዳበሰ። ደረቅ ነው።

"ወፎቹ ምን ይብሉ?" አልኩት።