ሟች ሚስቱን ሊያስመጣ ሲል

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ፣ እናንተ ዘመዶቼ እራት ቀርባችሁ ሳለ፣ እኔ አማቴ ጓዳ ቁጭ ብዬ ስለ አሟሟቴ እመካከር ነበር።

ጣጣው የመጣው ከስብሰባ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ተነሥቶ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» አለ። የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ጠዋት ሰላም ቢልህ ድምፁ መንገድ ላይ በረዶ ይሆንና ረፋድ ላይ ሲቀልጥ ነው የምትሰማው። «እንግዲያው ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዚህ ብርድ ይጀመርልን፤ ዛሬውኑ ይታሰርልን» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ጀንበር ሳትጠልቅ፣ የሚታሰረው ብርዱ ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ ወሬው ደረሰኝ።

«መሄዱንስ ሂድ» አሉኝ አማቴ አቶ ደምሴ። «ግን ሸሸ እንዳይሉህ። የሸሸ ሰው ሚስት ትታሰራለች፣ መሬቷም ይወሰዳል። የሞተ ሰው ሚስት ግን ምን ትባላለች?»

«እንዴት ብዬ ልሙት ታዲያ አባባ?»

«ከጓሳ አፋፍ ወድቀህ። በርኖስህን ገደሉ አፍ ላይ ጣልልኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ባለቤቴ እልፍነሽ ስንቄን እየቋጠረች «ሙሾህን እኔ ነኝ የማወርደው፤ የጉድህን ልክ ያን ጊዜ ትሰማለህ» አለችኝ። እሷም እንደኔው ናት፣ አፏ አያርፍም። ሳቅን። እኔም በርኖሴን ገደል አፍ ላይ ጥዬ ቁልቁል ወረድኩ።

ከጨው ነጋዴዎች ጋር በረሃውን ሳቋርጥ፣ ጥላዬ እንኳ ሙቀቱን ሸሽታ እግሬ ሥር ገብታ ነበር። ከጅቡቲ መርከብ ላይ ድንች ላጭ ሆንኩ፤ የላጥኩት ቢከመር ጓሳን ያህላል። እንዲህ እያልኩ ምዕራብ ጀርመን፣ አንድ የወደብ ከተማ ወረድኩና ዓሣ ፋብሪካ ገባሁ። ሄሪንግ የሚሉትን ዓሣ ጥሬውን በኮምጣጤ ዘፍዝፈው ይበላሉ። ጥቁር ዳቧቸው ቤት ቢሠሩበት አይናድም። ብርዳቸው ከመንዝ ብርድ አይብስም፤ ግን እኛ ዘንድ አንዱን ባና ሦስት ሰው ይለብሰዋል፣ እዚህ ጎረቤትህ ሲያስነጥስ እንኳ በሩን ቆልፎ ነው።

ጅቡቲ ያለ አንድ ነጋዴ ከአገር ቤት ወሬ ያቀብለኝ ነበር። ለቅሶዬ ደማቅ ነበር አሉ። በቁሜ «ሰነፍ» ሲለኝ የኖረው ሊቀመንበር ቆሞ «ታታሪ ገበሬ አጣን» ብሎ ተናገረ። በአርባዬ ተዝካር ወጣልኝ፣ በሬዬ ታረደ። ከሁለታችን ከልቡ የሞተው እሱ ብቻ ነው። ማኅበሩም ለእልፍነሽ ወረቀት ጻፈላት፦ የሟች ሚስት ናት፣ መሬቷ አይነካ።

ዓመታት ቆይቼ የመኖሪያ ፈቃድ ሳገኝ እልፍነሽን ላስመጣ አመለከትኩ። የጋብቻ ወረቀት አምጣ አሉኝ። እኛ የተጋባነው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ በቃል ነው። የእኔ ሚስት መሆኗን የሚናገር ባለማኅተም ወረቀት ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱኑ በነጋዴው እጅ ላከችው። ምን ታድርግ።

የጀርመኑ ሹም የተተረጎመውን ወረቀት አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«እዚህ ላይ ባልየው ሞቷል ይላል።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ሞተዋል?»

«አገር ቤት ብቻ።»

አልሳቀም። የሊቀመንበራችን ወንድም መሰለኝ። «እርስዎ በሕይወት ካሉ ወረቀቱ ሐሰት ነው፤ በሐሰት ወረቀት ጋብቻ አይረጋገጥም። ወረቀቱ እውነት ከሆነ ደግሞ ባሏ ሌላ ሰው ነው።»

«የቱን ብሆን ይሻልዎታል?»

«አብገሌንት» አለ። ውድቅ ማለት ነው። ወረቀቱን የጻፈው ማኅበር ራሱ ካላረመው በቀር እንዳልመለስ ነገረኝ። ወረቀቱን የጻፈው ሊቀመንበሩ ነው። ለእሱ አለሁ ማለት፣ አማቴንና እልፍነሽን በእጄ ጎትቼ እስር ቤት ማስገባት ነው።

የቤት አከራዬ አሮጊት፣ ፍራው የምላት፣ ፊቴን አይታ ምን ሆንክ አለችኝ። ሚስቴን ከለከሉኝ አልኳት። አሰበችና «ይሁን፣ ውሃ ይቆጠብልናል» አለችኝ። ማጽናናቷ ነው።

እልፍነሽ መሐል ሜዳ ከተማ ስልክ ቤት እንድትጠብቀኝ በነጋዴው ላክሁባት። የሟች ያጎት ልጅ ነኝ ልል ተነጋግረናል። ስልኩን ያነሣው ግን ወንድ ነው። ድምፁን ለየሁት፤ ከውጭ የሚመጣ ስልክ ያለ ሊቀመንበሩ አይወራም።

«የሟች ምኑ ነህ?»

«ያጎቱ ልጅ። መርከብ ላይ ነው የምሠራ።»

«ድምፅህ ቁርጥ እሱን።»

«በዘራችን ነው።»

«ጥሩ ሰው ነበር» አለና ሰጣት።

«እንደምን ሰነበቱ ጋሼ» አለችኝ። ስንት ዘመን የናፈቅኳት ሚስቴ አንቱ አለችኝ።

ወረቀቱን በርበሬ አልኩት። «የላክሽው በርበሬ አላለፈም። ሌላ ከዚያው ሰው ካልመጣ አይሆንም ብለዋል።»

ገብቷታል። «ከዚያ ሰውማ አይገኝም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጋሼ፣ ጓድ ሊቀመንበር አባባ ዘንድ ሽማግሌ ልከዋል። ይኸው አጠገቤ ናቸው።»

«አባባ ምን አሉ?»

«ምን ይበሉ። ባሏ አለ ይበሉ?»

ሰውዬው ከኋላዋ ሲስቅ ሰማሁት። አንድ ጊዜ እንኳ በእኔ ቀልድ ያልሳቀ ሰው።

«የሟች ወገን እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች። «ይፈቅዳሉ?»

እሺ ብል ሄደች፤ እምቢ ብል ሊቀመንበሩ ለምን ይላል፣ እንዴትም ይላል። ምላሴ የለመደባትን አደረገች። «ሟቹን ልጠይቀውና እደውላለሁ» አልኳት።

ሳቀች። ያ የጓዳው ሳቋ ነው፣ አልተለወጠም። ከዚያ መሐል ላይ ተሰበረና ትንፋሿ ብቻ ቀረ።

«ምን አለሽ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ነፍስ ይማር አለኝ።»

«አሜን በይለት እንጂ።»

«አሜን» አለች።