ፊቴን ያወቀው ላፕቶፕ

የላፕቶፕ ዋጋ እንዲህ ጣራ ባይነካ ኖሮ ያገለገለ ፍለጋ ባልወጣሁ፣ ይሄም ባልገጠመኝ ነበር። የኔው ተቃጥሎ ሥራ ቢያስፈታኝ፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣው አባቴ ሊከራከርልኝ አብሮኝ ወጣ። አንድ ልጁ ነኝ። እሱ ደግሞ ዋጋ ሳያስቀንስ ሎሚ እንኳ አይገዛም።

ድሬ ሙቀቱን ሸሽታ በተኛችበት ቀትር፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ክፍት ያገኘነው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ሻጩ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ላፕቶፕ አወጣ።

«አባባ፣ ወላሂ ይሄ ይሻልሃል» አለው፣ እንደ ድሬ ልጅ አንተ እያለ። «የሚከፈተው በባለቤቷ ፊት ብቻ ስለሆነ ነው የረከሰው። ልጅቷ ሞታ እናትየው ሸጠችልኝ። ፎርማት አደርግልሃለሁ፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

አባቴ ክርክሩን ሲጀምር እኔ ክዳኑን ገልጬ ጎንበስ አልኩ። ላፕቶፑ ትንሽ ቆየና ተከፈተ።

«ቢስሚላህ!» ብሎ ሻጩ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ስክሪኑ ላይ የባለቤቷ ሙሉ ስም ወጣ። የመጀመሪያውን አላውቀውም። ቀጥሎ ያለው የአባቴ ስም ነው። ሦስተኛው የአያቴ።

ወደ አባቴ ዞርኩ። የተጠራለትን ብር፣ ምንም ሳይከራከር፣ ለሻጩ ዘረጋለት።

«ፎርማት እንዳታደርገው» አለው።