የሸሸው ቤት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የእርጥብ ደንገል ሽታ ከሐይቁ ይዞ ሲገባ፣ የልጅ ልጄ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ ካሬ ካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ ነጥብ ይተክል ነበር። «አባባ፣ ይህን ባለ አራት ጎን እጥፍ አሳድጉ ተብለናል፤ እንዴት ነው?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ፋንታዬ ከውስጥ «እሱን አትጠይቀው፣ ቤት ያሸሻል! ግርማ ቢኖር አንዴ ያሳይህ ነበር» ብላ ሳቀች።

ይኸው፣ ግርማ። ይህ ስም በቤቴ በተጠራ ቁጥር ዛሬም ቅናት ያነድደኛል፤ ሽበት ያበርደዋል ያለ ሰው ካለ ዋሽቷል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እኔ፣ ግርማና ፋንታዬ ሰባተኛ ክፍል ነበርን፣ እኔ ከዚያ ወዲያ አልዘለቅሁም። ክፍሉ በተማሪ ብዛት ስለ ጠበበ መምህር በሪሁን ለሒሳብ ወደ ሐይቁ ዳር ያወጡን ነበር። አንዱን ገመድ እዚያ ከነበረ ሾላ ግንድ እስከ ውኃው ጫፍ፣ ሌላውን ከዚያው ግንድ በዳርቻው ጎን ይዘረጉና፣ በየእርምጃው ቋጠሮ ቋጥረውባቸው፣ «ዓይናችሁን አትመኑ፣ ቋጠሮውን ቁጠሩ» ይላሉ። አንድ ቀን ለየአንዳንዳችን አራት አራት ችካል ሰጥተው፣ ወደፊት የምንኖርበትን ቤት እንድንተክል አዘዙን። የእያንዳንዱ ችካል ቦታ በሁለቱ ገመዶች ላይ በቋጠሮ ቁጥር ይያዛል።

ግርማ አባቱ ከደሴ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ የደሞዝተኛ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እሱ ራሱ ሳሙና ሳሙና የሚሸት። እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ምን ምን እንደምሸት መናገር አያሻም። ፋንታዬ የጎረቤታችን የታንኳ ሠሪው ልጅ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ናት ብዬ ቆርጬ ነበር፣ ለእሷ ግን አልነገርኋትም።

ታንኳዬን ከደጄ ላስር ብዬ ቤቴን ከውኃው አፋፍ ተከልሁ። ግርማ መጣና ቋጠሮ ቆጠረልኝ፤ ማን ለመነው!

«ደምሴ፣ ፊተኞቹ ችካሎችህ ከኋለኞቹ አንድ ቋጠሮ ወደ ጎን አፈንግጠዋል። ትይዩ ጎኖቹ እኩል ናቸው፣ ጥጉ ግን ቀጥ አላለም። ፓራሌሎግራም ይባላል።»

«ለቤቴ ስም አታውጣለት! ቀጥ ብሏል።»

በገመድ ከጥግ ጥግ ለካነው፤ አንደኛው ሰያፍ ረዘመ። ፋንታዬ የእኔን ቤት ትታ ገመዱን የያዘውን የእሱን እጅ ታይ ነበር። ያን አየሁ፤ ሌላ ምንም አላየሁም።

መምህሩም «መነሻችን ሾላው ነው፤ አሁን ቤታችሁን እጥፍ አሳድጉ» አሉ። ግርማ ቤቱ ከሾላው አጠገብ ነበርና ቁጥሮቹን ሁሉ በሁለት አባዛ፤ የቀድሞውን ዓይነት አራት ቤት የሚያስገባ፣ መልኩ ግን ያው የሆነ ቤት ወጣለት። እኔ ላባዛ ባስብ ቤቴ ሐይቁ መካከል ደቅ ደሴት ሊደርስ ነው! ስለዚህ በልክ ይሁን ብዬ በየቁጥሩ ላይ ሁለት ሁለት ደመርሁ። ፊተኞቹን ችካሎች እስከ ጉልበቴ ውኃ ገብቼ ተከልኋቸው። ዞር ብዬ ባይ ቤቱ ያው ያህል፣ ያው ያዘመመ፣ ቦታው ብቻ ሌላ።

«ደምሴ፣ ቤትህ ሸሸ እንጂ መች አደገ!» አለች ፋንታዬ። መምህሩ እንኳ ሳቁ። ግርማም «ተዉት፣ ለዓሣ ያከራየዋል» አለ። እሷ ግን ሄዳ ከግርማ ችካሎች መካከል እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና «እኔ እዚህ ነኝ፣ ይሰፋል» አለች። ቀልድ ነው አሉ። እኔ እስከ ዛሬ አልሳቅሁም።

ከዓመታት በኋላ ወጣት ለውትድርና ሲታፈስ እኔ ከአባቴ ጋር ደቅ ነበርሁ፤ ግርማ ከተማ ነበር። ወደ ሰሜን ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ፋንታዬ ብዙ ጠብቃ፣ ብዙ አልቅሳ፣ ኋላ ሽማግሌዎቼን ተቀበለች። ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ነገር ግን ስለ እሱ ባወራች ቁጥር ግርማ ያድጋል፤ ቁመቱም፣ ብልሃቱም፣ ደግነቱም እኩል ይባዛል፣ መልኩ አይዛባም። እኔ በፊቷ ዕድሜዬን ሙሉ ስደምር ኖርሁ፤ ቆርቆሮ ደመርሁ፣ ጓዳ ደመርሁ፣ ልጆች ደመርን። የሚባዛን ሰው በመደመር ማን ይደርስበታል? ከቤታችንም ዳርቻው ለመንገድ ተፈልጎ ተነሣን፣ ለሆቴል ተፈልጎ ደግሞ ተነሣን፤ አፏ እውነት ሆነና ቤቴ ሸሸ እንጂ አላደገም።

ዛሬ ጠዋት ወደዚያ ቦታ ሄድሁ። ሾላው ተቆርጧል፤ የውኃው ጫፍ እንቦጭ ለብሶ የቱ ምድር የቱ ሐይቅ እንደሆነ አይለይም። ችካሌን የተከልሁበትን ልፈልግ ብል መነሻው የለም፣ ከየት ልቁጠር? ግርማ ቢኖርልኝ አልሁ፤ ጥርሱ ረግፎ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ እንደ እኔ ቢያረጅልኝና ፋንታዬ ሁለታችንን ጎን ለጎን ብታየን። አንድ ቀን ብቻ።

ስመለስ ፋንታዬ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ከልጅ ልጃችን ጋር ተቀምጣ በእንጨት መሬቱን ትጭራለች። «ዓይንህን አትመን፤ ሁሉንም አባዛው፣ አንዱን እንዳትተው» ትለዋለች፣ ቃሉ የመምህሩ፣ ድምፁ ግን ልክ የግርማ። ከኋላዋ ቆምሁ። ቀና ብላ ሳታየኝ ጠጋ አለችና በድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ቦታዋ ጠባብ ናት፤ ተቀመጥሁባት።